ልብ ከምን ይፀንሳል? የልብ ወለድ መነሻ የት እንደሚገኝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ልብ ወለድ መጻፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ነው። እስካሁን አራት ረጃጅም ልብ ወለዶች ጀምሬ አራቱንም ከሠላሳኛው ገጽ ሳያልፉ ትቻቸዋለሁ፤ ሐሳቡ ይነጥፍብኛል። ታላላቆቹ ደራስያን ጦርነት ያዩ፣ የታሰሩ፣ አገር ያዳረሱ ናቸው፤ እኔ ከቤቴና ከመሥሪያ ቤቴ ሌላ የማውቀው የለም። በቤተሰባችን የሚወራ ነገር ቢኖር፣ ባለቤቷ በ1991 ዓ.ም. ዘምቶ ሳይመለስ የቀረባት አክስቴ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በፋሲካ ዋዜማ ጫማውን ወልውላ መልሳ ማስቀመጧ ነው፤ እሱም ቢጻፍ ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። ሌሊት ቁጭ ብዬ መንፈሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። የመጣልኝ እንደሆነም ሌላ ሰው የጻፈውን ይመስለኛል። ደራስያን ታሪካቸውን የሚያገኙት ከየት ነው? ተሰጥኦው ለሌለው ሰውስ መንገድ አለው?»

ምላሽ፦ አንድ ጥያቄ ብለው ያቀረቡት ነገር ተለያይተው መታየት ያለባቸው ችግሮች የተደራረቡበት ነው። መነሻ አጣሁ ይላሉ፤ የጀመሩትን መግፋት አልቻሉም፤ የሌላውን ደግሜ እጽፍ ይሆን ብለው ይሰጋሉ፤ የገዛ ሕይወትዎን ደግሞ ንቀውታል። ከእነዚህ መካከል በእርስዎ ላይ የሌለው የመጀመሪያው ነው። በዚህ ሙያ ብዙ የጀማሪ ረቂቆችን አንብቤአለሁ፤ ከደብዳቤዎ አንድ ዓረፍተ ነገር የጠነከረ መነሻ የያዙት ጥቂቶች ናቸው። እዚያ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን መንገዱን የዘጉብዎትን የተሳሳቱ ግምቶች ማንሣት ያስፈልጋል።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙትና ዛሬ በተለምዶ «ጦቢያ» እያልን ከምንጠራው መጽሐፍ ርእስ ጋር የተያያዘ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነበር። ስያሜው ያማረ ቢሆንም ግማሹ ብቻ ሲሰማ ያሳስታል። ልብ ወለደው ሲባል፣ ልብ ብቻውን፣ ከውጭ አንዳች ሳይቀበል፣ ከባዶ አመጣው ማለት ይመስለናል። ነገር ግን መውለድን መፀነስ ይቀድመዋል፤ መፀነስ ደግሞ ከውጭ የሚቀበሉት ዘር ይፈልጋል። «ደራስያን ከየት ያመጡታል?» የሚለው ጥያቄም የሚከብደው፣ ታሪክ ሙሉ ሆኖ ከአንድ ስፍራ የሚመጣ ነገር ነው ከሚል ግምት ስለሚነሣ ነው። ከውጭ የሚመጣው ቅንጣት ብቻ ነው። አንድ ነገር ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ያነባሉ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አልለቅ ይልዎታል። የቀረው ሥራ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው።

ይህን በራሷ ቃል ያስረዳችን እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ በጋ ብርድና ዝናብ ሆኖ ነበር። በዚያ በጋ በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ ከባለቅኔው ባይረን ጋር ቤት ውስጥ ተዘግተው የከረሙት ወዳጆች፣ እያንዳንዳችን አንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ብለው ተስማሙ። ሜሪ ገና 18 ዓመቷ ነበር። በየጠዋቱ «ታሪክ መጣልሽ?» እያሉ ይጠይቋታል፤ እሷም በየጠዋቱ እያፈረች «አልመጣልኝም» ትላለች። በኋላ ጓደኞቿ ስለ ሕይወት ምንነትና በኤሌክትሪክ ኃይል ሙት ይነቃ እንደሆን ሲከራከሩ እያዳመጠች አመሸች፤ የዚያን ሌሊት ዓይኗን ጨፍና ሳለ፣ የሠራው ፍጡር ሲንቀሳቀስ አይቶ የሚደነግጥ ወጣት ታያት። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ራእይ ለተወለደው ልብ ወለዷ ለ«ፍራንከንስታይን» አዲስ እትም በጻፈችው መግቢያ፣ መፍጠር ማለት ከባዶ ማውጣት ሳይሆን ከተዘበራረቀ ነገር ማውጣት መሆኑን በትሕትና ማመን ይገባል ብላለች። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ያ የሌሊት ራእይ ከሰማይ ዱብ ያለ አለመሆኑን ነው። አስቀድሞ የተሰማ ክርክር ነበር፤ አስቀድሞ የተገባ ቃል ነበር፤ በየጠዋቱ የሚያሳፍር ጥያቄም ነበር። እርስዎ ሌሊት ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ያለ ክርክሩና ያለ ቃሉ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት፣ ትልቅ ታሪክ የሚጻፈው ትልቅ ነገር ካዩ ሰዎች ብቻ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ከሐዲስ ዓለማየሁ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ አብዛኛው ሰው ግን ማስረጃውን የሚያነበው ገልብጦ ነው። ሐዲስ በእርግጥ ጦርነት አይተዋል፤ የጣሊያንን ወረራ ተዋግተዋል፤ ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ለዓመታት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ ሁሉ የወሰደው እምብዛም ነው። መጽሐፉ የተመላው በጎጃም ባላገር ኑሮ፣ በቆሎ ተማሪ ሕይወት፣ በቅኔ ቤት ወግ፣ በባላባት ግቢ ትዕቢትና ከታች በሚታፈን እሮሮ ነው። እነዚህን ደግሞ ደራሲው ያወቋቸው ገና በልጅነታቸው፣ እንደ ማንኛውም የአካባቢው የቤተ ክህነት ተማሪ ሲኖሩ ነው። የጦርነቱንና የእስሩን ነገር «ትዝታ» ለተባለው ማስታወሻቸው አቆይተውታል። በአንባቢ ዘንድ ሥር የሰደደው የልብ ወለድ ሥራቸው የበቀለው እንግዲህ፣ እንደ እርሳቸው ያደገ ማንኛውም ልጅ «ይህማ ተራ ነገር ነው» ሊለው ከሚችለው ኑሮ ነው። የጉዱ ካሣ ንግግር ያን ያህል የሚቆረቁረን፣ ደራሲው ያንን ሥርዓት ከውስጥ፣ ቋንቋውንና ክብሩን ጭምር እያከበሩ፣ ስለሚያውቁት ነው።

ተቃራኒው ምሳሌም አለ፤ እሱን መደበቅ አግባብ አይሆንም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን የጻፈው ደርግ በኤርትራ ባካሄደው በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አሥመራ ላይ ያየውና የኖረበት ነገር ገና ትኩስ ሳለ ነው፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ። ትኩስነቱ ለመጽሐፉ ሌላ ቦታ የማይገኝ ሙቀትና ፍጥነት ሰጥቶታል። የተከፈለው ዋጋ ግን የሚያንገበግብ ነው፤ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ሁለቱን ጎን ለጎን የማነሣው፣ መነሻ ለዓመታት ሊብላላ ወይም በዓመት ውስጥ ሊፈላ እንደሚችልና ለሁሉም የሚሠራ አንድ የጊዜ መለኪያ አለመኖሩን እንዲያዩ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ግን ከትኩሱ ይልቅ ከቆየው ቢጀምር ይቀለዋል፤ ትኩስ ነገር ጸሐፊውን ራሱን ስለሚያቃጥለው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር በእኩል ዓይን እንዲተያይ አይፈቅድለትም።

አንድ ክስተት መነሻ የሚሆነው ትልቅ ስለሆነ ካልሆነ ታዲያ በምንድን ነው? ሳይገጥም የቀረ ነገር ሲኖረው ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ይቀመጡና አእምሮ ሊያስታርቃቸው አይችልም፤ ለማስታረቅ ሲሞክር ታሪክ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በጥር 1872 ከሩሲያዊው ደራሲ ከሌቭ ቶልስቶይ ርስት ብዙ በማይርቅ የባቡር ጣቢያ፣ የአንድ ጎረቤት ባለርስት ውሽማ የነበረች ሴት ሰውየው ለሌላ ሴት ሲተዋት ባቡር ሥር ራሷን ጣለች። ቶልስቶይ ሄዶ አስከሬኗን አየ። «አና ካሬኒና»ን መጻፍ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ አና ያቺ ሴት አይደለችም። መደቧ ሌላ፣ ትዳሯ ሌላ፣ ከተማዋ ሌላ ነው። ደራሲው ከእውነተኛው አደጋ የወሰደው አሟሟቱንና የመጀመሪያ ስሟን ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ሁሉ ለዚያ ሞት ሌላ ሰው በመፈለግ አገኘው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እውነተኛውን ታሪክ እንዳለ ከእነ ቅደም ተከተሉ ለመጻፍ ይሞክራሉ፤ እውነተኛው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ዝም ብሎ ስለሚቆም ወረቀቱም ከእሱ ጋር ይቆማል።

አሁን ወደ አክስትዎ ጫማ እንመለስ። ከአንድ አንቀጽ አያልፍም ያሉት ነገር ለምን ልብ እንደሚይዝ ቀስ ብለን እንመልከት። ባለቤቷ ዘምቶ አልተመለሰም፤ መርዶ መጣ ግን አላሉም። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ማቅ አይለበስም፣ ተዝካር አይወጣም፤ ሰውየው በሕይወት ካሉትም ከሞቱትም ሳይቆጠር ይኖራል። ጫማው ግን አለ። ጫማ እግር የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ደግሞም ቀኑ የትንሣኤ ዋዜማ ነው፤ እርስዎ ይህን ሳያስቡበት እንደ ዋዛ ጽፈውታል። ደራሲ የሚባለው ሰው በዚህ ዝርዝር ላይ ቆሞ መጠየቅ ይጀምራል። ጫማውን ለምን ትወለውለዋለች፤ ይመጣል ብላ ነው ወይስ አይመጣም ብላ? ስትወለውል ማን ያያታል? በመጀመሪያው ዓመት የወለወለችበት ምክንያትና አሁን የምትወለውልበት ምክንያት አንድ ነው? ቀለሙ ባለቀ ጊዜ ምን አደረገች? አንድ ዓመት ሳትወለውል ብትቀር ምን ይሆናል ብላ ትፈራለች?

ቀጥሎ የራስዎን መሥሪያ ቤት ወደዚህ ያምጡት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰውየው መጥፋት እንዲታወጅ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እንበልና ሴትዮዋ አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ቤቱን ለመሸጥ የአባትየው ነገር በፍርድ መቋጨት አለበት፤ ስለዚህ እናቷ ማመልከቻው ላይ እንድትፈርም ትለምናታለች። እናት አልፈርምም ትላለች። ማመልከቻውን የሚቀበለው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ የሴትዮዋ የወንድም ልጅ ነው። አሁን የያዝነው ነገር አንቀጽ መሆኑ ቀርቷል፤ ሦስት ሰዎች አሉ፣ ሦስቱም የሚፈልጉት አላቸው፣ ሦስቱም እውነት አላቸው፣ አንዱ ያሸነፈ ጊዜ ሌላው የሚያጣው ነገር የማይተካ ነው። ይህን ያገኘሁት በመንፈስ አይደለም፤ እርስዎ የላኩልኝን ሁለት ነገሮች፣ ጫማውንና መዝገብ ቤቱን፣ አጠጋግቼ ነው። ከቤቴና ከመሥሪያ ቤቴ ሌላ አላውቅም ብለዋል፤ ታሪኩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ስለ ሌሎች ምንጮች ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሰው አነጋገር ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት የሚወርደውን ሙሾ ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ፤ ጥሩ አልቃሽ የሟቹን ዕድሜ፣ ሙያ፣ ያላለቀ ጉዳይ፣ ከወንድሙ ጋር የነበረውን ቅሬታ ጭምር በሁለት ስንኝ ታስቀምጠዋለች። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ሳይናገሩ ያለፉትን ያስተውሉ። አነጋገር ገጸ ባሕርይን ሙሉ አድርጎ ያመጣል፤ ወሬ ግን የሚያመጣው ድርጊቱን ብቻ ነው። የጋዜጣ ዜናም ከጥንት ጀምሮ የደራሲ ጎተራ ነው። ሌላው ሩሲያዊ ደራሲ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1869 ሞስኮ ውስጥ አንድ ተማሪ በገዛ የማኅበር ጓደኞቹ መገደሉን ተከትሎ ከወጣው ወሬ ተነሥቶ አንድ ትልቅ ልብ ወለድ ጽፏል። በእኛም አገር «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን አንብቦ ያደገ ሰው፣ የአንድ ወንጀል አጭር ዘገባ ምን ያህል ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ እንደሚቀር ያውቃል። ያም ሆኖ ዜና ድርጊቱን ይሰጣል እንጂ ሰውየውን አይሰጥም፤ ሰውየውን ከሚያውቋቸው ሰዎች አነጋገር መፈለግ የጸሐፊው ድርሻ ነው።

በሠላሳኛው ገጽ ስለ መቆምዎ የምለው ከዚህ ይከተላል። አራት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቆም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ረቂቆችዎን አላየሁም፤ ነገር ግን በዚህ ገጽ አካባቢ የሚሞቱ ልብ ወለዶች በአብዛኛው የሚሞቱበት ምክንያት ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በመቼት፣ በመልክ መግለጫና በገጸ ባሕርይው ያለፈ ታሪክ ይሞላሉ፤ ይህ ሲያልቅ ዋናው ሰው የሚፈልገውና የሚከለከለው ነገር ስለሌለ፣ ቀጥሎ የሚሆን ነገር ይጠፋል። ጸሐፊው ይህን «ሐሳብ ነጠፈብኝ» ይለዋል። የነጠፈ ሐሳብ የለም፤ አስቀድሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው ያለው። ከአራቱ ረቂቆች አንዱን ያውጡና ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚከለክለው፣ ከልካዩስ ለምን ልክ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይሞክሩ። ዓረፍተ ነገሩ እንቢ ካለዎት ምክንያቱን አግኝተዋል።

ተሰጥኦንና ተመስጦን በተመለከተ፣ መልሱ በገዛ ባህላችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። የቅኔ ተማሪ መንፈስ እስኪመጣለት ተቀምጦ አይጠብቅም። ቀን ከጓደኞቹ ተነጥሎ በዛፍ ሥር፣ በገደል ጥግ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም እያሰበ ያዘጋጃል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ዛሬ አልመጣልኝም ማለት በዚያ ጉባኤ ሰበብ ሆኖ አይቀርብም። ልኩ አስቀድሞ የተሰጠ ነው፣ መነሻው የዕለቱ በዓል ወይም በዚያን ቀን በሰፈሩ የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል፣ አድማጩ ይታወቃል፣ ሰዓቱም ይታወቃል። በእኔ እምነት ይህ ሥርዓት፣ በየጊዜው ከውጭ ከሚተረጎሙልን የጽሕፈት መመሪያዎች ይልቅ ለእኛ ጸሐፊ ይቀርባል፤ በልብ ወለድ ጽሕፈት ትምህርት ውስጥ ቦታ አለመሰጠቱም ዘወትር የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ተሰጥኦ የለም አልልም፤ አለ፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ሆኖም አራት ሥራዎችን በሠላሳ ገጽ ላይ ያቆመ ሰው ተሰጥኦ ይኑረው አይኑረው ራሱም ሆነ ሌላ ሰው ሊፈርድ አይችልም፤ ፍርዱ የሚሰጠው ባለቀ ሥራ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጫትም ሆነ መጠጥ ለመጻፍ ያነሣሣል የሚለውን ወሬ አይቀበሉት። የሚያነሣሣው ስሜትን ነው፤ በማግሥቱ የተጻፈውን የሚያነብ ዓይን ግን ከእሱ ጋር አብሮ አይነሣም፤ ልማዱ ሲጸናም ያለ እሱ መቀመጥ ይከብዳል። በቤተ ክህነት ተማሪዎች ዘንድ አእምሮን ይከፍታል እየተባለ ስለሚወራው አብሾ ደግሞ የሚነገረው ሁሉ እንደ ቀልድ መታየት የለበትም፤ ከአስተናግር የሚዘጋጅ ነገር መርዝ ነው፤ ያቃዣል፣ ሊገድልም ይችላል።

የሌላውን ይመስለኛል የሚለው ስጋትዎ በከፊል ትክክል ነው፤ መመሳሰሉ አይቀርም። ዘምቶ ያልተመለሰን ባል የምትጠብቅ ሚስት ከሆሜር ዘመን ጀምሮ አለች። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም። ስለዚህ መጠበቅን፣ ክህደትን፣ የወንድማማቾችን ጠብ ማንም በባለቤትነት አይዝም። የሌላን ሰው ዓረፍተ ነገር፣ ንግግር ወይም የትዕይንት አሰካክ እየቀየሩ መውሰድ ግን የተለየ ነገር ነው፤ በሕግ ባይያዙበት እንኳ አንባቢ ይይዝዎታል። የራስዎ የሚሆነው ዝርዝሩ ነው። የሚጠብቁ ሚስቶች ብዙ ናቸው፤ በፋሲካ ዋዜማ ጫማ የምትወለውለዋን ግን እስካሁን ከእርስዎ በቀር ከማንም አልሰማሁም።

በጣም የምፈራልዎት በሌላ በኩል ነው። እርስዎ በሥራዎ ምክንያት የሰው ምሥጢር በእጅዎ ያልፋል። ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት የሚመጡት ችግራቸው እንዲፈታ እንጂ ታሪክ እንዲሆን አይደለም። ከመዝገብ ላይ ስም፣ ቀን፣ የምስክር ቃል፣ የሰፈር ምልክት፣ አንድም ነገር ገልብጠው አይውሰዱ። ከመዝገብ ቤቱ ሊወስዱ የሚገባዎት የቤቱን አየር ነው፤ ባለጉዳይ እንዴት እንደሚቆም፣ ቀጠሮ ሲሰጠው ወረቀቱን እንዴት አጥፎ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው የሴትዮዋን ለቅሶ ወደ ሕግ ቋንቋ ሲለውጠው ምን እንደሚቀር። ይህ የማንም ምሥጢር አይደለም፤ ከእርስዎ ሌላም ብዙ ጸሐፊ አያውቀውም።

የሰው ስም መቀየር ብቻውን በቂ ከለላ እንዳይመስልዎት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 በሕይወት ያለን ሰው በጽሑፍ እንዲጠላ፣ እንዲዋረድ ወይም እንዲሳቅበት በሚያደርግና ስሙን በሚጎዳ መንገድ ማቅረብን ጥፋት ያደርገዋል፤ ሰውየው በስሙ ባይጠራም ጎረቤቱ ሁሉ ካወቀው፣ «ልብ ወለድ ነው» የሚል መስመር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስፈር አስተማማኝ መሸሸጊያ አይሆንም። ከሕጉ በፊት ደግሞ ይሉኝታና ፍቅር አለ። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ዋና ገጸ ባሕርይ በወዳጁ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደተቀረጸ በሰፊው ይታወቃል፤ ነገር ግን ስብሐት ራሱ ጸሐፊ ነበር፤ መልስ መስጠት ቢፈልግ ብዕር ነበረው። አክስትዎ ብዕር የላቸውም። ስለዚህ ሰውየዋን ይለውጡ፤ ዕድሜዋን፣ አገሯን፣ የልጆቿን ቁጥር፣ የባልየውን ሙያ፣ ቢቻል ዕቃውን ጭምር። ጫማው የግድ አስፈላጊ ነው ብለው ካመኑ፣ ከማሳተምዎ በፊት ሄደው ይንገሯቸው። እምቢ ካሉ እምቢታቸውን ያክብሩ፤ ያን ጊዜ ሌላ ዕቃ መፈለግ ይኖርብዎታል፤ ዕቃው ሲቀየር ታሪኩ የሚሻሻልበት ጊዜም ብዙ ነው።

ገደቡንም ላስታውስ። ጥሩ መነሻ ጥሩ ልብ ወለድ ለመሆን ዋስትና የለውም። አንዳንዱ መነሻ የአጭር ልብ ወለድ ልክ ብቻ ነው፤ ቢለጥጡት ይበጠሳል። አንዳንዱ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጽፉት ከማዘን ወይም ከመናደድ በቀር ሌላ ነገር ካልተሰማዎት ትተውት ይቆዩ። የሚተዉት ግን ለምን እንደተዉት ካወቁ በኋላ ይሁን።

ምክሬ ይህ ነው። አምስተኛ ረጅም ልብ ወለድ አይጀምሩ። የሌሊቱን መጠበቅ ዛሬውኑ ያቁሙና በቀን ውስጥ ሊያጓድሉት የማይችሉትን አንድ ሰዓት ይምረጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ታሪክ አይጻፉ፤ በየዕለቱ ስለ አንድ ዕቃ፣ ስለ አንድ አነጋገር ወይም ሳይገጥም ስለቀረ አንድ ነገር ግማሽ ገጽ ብቻ ይጻፉ፤ የሰሙትን አነጋገር እንደተነገረ እንጂ አሳምረው አይጻፉት። በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋን፣ ልጅቱንና ማመልከቻውን ይዘው ከአሥር ገጽ የማይበልጥ አጭር ልብ ወለድ ይጀምሩ። ታሪኩ የሚጀምረው ልጅቱ ማመልከቻውን ይዛ በምትገባበት ቀን ይሁን፤ የዘመቻው ታሪክ፣ የሠርጉ ታሪክ፣ የልጅነቱ ታሪክ ከዚያ በፊት አይምጣ። እስከ መጨረሻው ሳይደርሱ የመጀመሪያውን ገጽ ተመልሰው አያርሙ፤ መጥፎም ቢሆን ይጨርሱት። ካለቀ በኋላ እንደ ቅኔ ተማሪው ለአንድ ለሚያምኑት አንባቢ ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡለት፤ እሱ ዝም ባለበትና እርስዎ ለማስረዳት በተቻኮሉበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። እርማቱን የሚጀምሩት ከእነዚያ ምልክቶች ነው።